እንግዳውን ማንም አይሸኘው

ማን ነው አሁን «እንብላ» ያለው?

አንተ ነህ ጌጡ? ለማን ነው ያልከው? በዛፎቹ በኩል ላለፈው ሰው? ፊቱን አየኸው? አላየኸውም። ሰው ሲያልፍ አየህና አፍህ ቀደመህ። አልፈርድብህም፣ እናትህ ያሳደገችህ እንደዚያ ነው። እሱስ ምን ብሎ መለሰልህ? ምንም አላለም። ደህና።

እንግዲያው ሁላችሁም ቁጭ በሉ። የካምፑ መብራት እንደሆነ ጠፍቷል፣ እሳቱ ይበቃናል። ናርዶስ፣ ያ ጀሪካን ሙሉ ነው አይደል? አሁን ነው ከቧንቧው ሞልተሽ ያመጣሽው? እዚያው ይቀመጥ፣ አታንሺው። ያንን ከእሳቱ ራቅ ያለውን ወንበር ተዉት፣ ማንም አይቀመጥበት። ታሪክ ልነግራችሁ ነው። እስክጨርስ ድረስ ማንም አይነሳም። ሽንት የመጣበት ይያዝ።

«እትዬ ታንጉት ደግሞ ጀመራት» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉኝ። እኔ ግን ተረት ተረት አልላችሁም፣ እናንተም የላም በረት አትበሉኝ። ይሄ ተረት አይደለም።

ሰዓቱ ስንት ነበር? ሌሊት የመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የሌሊቱንማ ሁሉም ይጠነቀቃል። ሰዓቱ ስድስት ነበር፣ ቀትር። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ገብቶ የሚደበቅበት ሰዓት። እናቴ «በቀትር ወንዝ አትውረዱ፣ በቀትር አመድ አትርገጡ፣ በቀትር ስማችሁን የጠራ ሁሉ ሰው አይምሰላችሁ» ትለን ነበር። እዚህ አገር መጥተን ረሳነው። የአገራችን ነገር አብሮን አይሻገርም ብለን ነው። የዚህ አገር ነገር ግን እዚሁ ይጠብቀን ነበር።

መንገዱስ? ከሚልዱራ ወደ ብሮክን ሂል የሚወስደው መንገድ ነው። ሄዳችሁበታል? አልሄዳችሁበትም። ቀጥ ያለ ነው። መሪ ማዞር አያስፈልገውም። ግራው ቀይ አፈር፣ ቀኙ ቀይ አፈር፣ ጉልበት የማይደርስ አመድማ ቁጥቋጦ። ቤት የለም። ዳር ዳሩን በመኪና የተገጨ ካንጋሩ ተኝቷል፣ ካንጋሩው ላይ ንስር ቁጭ ብሏል። መኪና ሲመጣ ይነሳል፣ መኪናው ሲያልፍ ተመልሶ ይቀመጣል። ይኸው ነው መንገዱ።

አንድ ሰውዬ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም። እዚሁ መሃላችሁ ተቀምጦ የበግ ጎድን እየጋጠ ነው፣ ብጠራው ያፍራል። ሚስትም ነበረችው። የሷንም ስም አልነግራችሁም። አፏ አያርፍም፣ ይሄንን ብቻ እወቁላት።

ሰውዬው ሜልቦርን ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ መስመር ነዳ። ከባቡር ጣቢያው ይነሳል፣ መጨረሻው ፌርማታ ይደርሳል፣ ይዞራል። ይመለሳል። ነገም ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ሚስቱ ዶሮ ፋብሪካ ነበረች። የዚህን አገር ዶሮ በሙሉ ገነጣጥላለች፣ አገሩን ግን አላየችውም። ጡረታ ሲወጡ ምን አደረጉ? ያችን ከኋላችሁ የቆመችውን ካራቫን ገዙ። አሮጌ ናት። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ በሯ ሲዘጋ ታቃስታለች።

ልጆቻቸው ምን አሉ? «እማዬ፣ ይሄ የፈረንጅ ጡረተኞች ነገር ነው፣ ምን አደከማችሁ?» አሉ። የቤተክርስቲያን ሰዎችስ? «ቤት እያላቸው ቤት ይጎትታሉ፣ እንደ ቀንድ አውጣ» ብለው ሳቁባቸው። «በረሃ ላይ ብትሞቱ ማን ይቀብራችኋል?» ያለም ነበር። ሴትዮዋ ምን ብላ መለሰች? «እኔ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ተቀብሬ ነው የኖርኩት፣ አሁን መነሳቴ ነው» አለች። ሄዱ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር ስለሷ ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልገናል። እናቷ የሞተች ለት በስልክ ነው የተረዳችው። ፎቅ ቤት ነበር የሚኖሩት። ስልኩን ጥላ ኡኡ አለች። ሌላ ምን ትበል? እናት ሞታ! ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ቀጥሎ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ደጎች ናቸው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የገቡት። ልጇ ግን በሃፍረት ቀልታ «እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለቻት።

ሰው ይሰማል! ኡኡታ ሰው እንዲሰማው አይደለም እንዴ የሚጮኸው?

ያን ቀን አፏን በነጠላዋ አፈነች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፈነች። ወንድሟ ሞተ፣ በነጠላ። እህቷ ሞተች፣ በነጠላ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። ይነቅዛል። የሷ ነቅዟል፣ እኔ አውቃለሁ።

እሺ፣ ወደ መንገዱ እንመለስ።

ጠዋት ከአንዲት ነዳጅ ማደያ ቆሙ። ባለቤቷ ፀጉሯን አንድ ጉንጉን የሠራች ነጭ አሮጊት ናት። ነዳጁን ከፍለው ሊወጡ ሲሉ ጠራቻቸው። «መኪናችሁ ከቆመ ከመኪናችሁ እንዳትለዩ» አለች። ሰውዬው «ችግር የለም፣ ነጂ ነኝ» አላት። «ነጂነትህን አልጠየቅሁህም። ማንም ቢሆን፣ ወዴትም ቢሆን፣ አብራችሁ እንዳትሄዱ» አለች። «ማን ይመጣል እዚህ?» ብትላት ሴትዮዋ፣ አሮጊቷ ባንኮኒውን መጥረግ ጀመረች። ንጹሕ ነበር፣ ዝም ብላ ትጠርገዋለች።

ከዚያ ነገረቻቸው። ዱሮ አንድ ሰው መኪናው ተበላሽቶበት ውሃ ፍለጋ በእግሩ ሄደ። የተገኘው አንድ ጫማው ነው። ከሱ በኋላ ሌሎች ሦስት ሰዎች ጠፍተዋል። የነሱ መኪና ደህና ነበር። ነዳጅ አለው፣ ውሃ አለው፣ ምሳው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰው የለም።

ሰውዬው ሳቀ። መኪናው ውስጥ ገብቶም ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቀችም።

በዚያ መንገድ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ነጂዎች ሲተላለፉ ከመሪው ላይ አንዲት ጣት ብድግ ያደርጋሉ። ሰላምታ ነው። ሰውዬው ይሄን ሲያይ ልቡ ጠፋ። «አየሽ? በከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፣ እዚህ ሁሉ ሰላም ይለኛል» አለ። ለመጣው ሁሉ ጣቱን ያነሳል። ለከባድ መኪናው ያነሳል፣ ለሞተር ብስክሌቱ ያነሳል።

አራት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ቆሟል። ባርኔጣ አድርጓል። መኪና የለውም፣ ውሻ የለውም፣ አጥር እንኳ በአካባቢው የለም። ጣቱን አነሳ። ሰውዬውም አነሳ። አለፉ።

ሃምሳ ኪሎሜትር ሄዱ። አንድ ሰው ቆሟል። ባርኔጣ አድርጓል። አሁን ወደ መንገዱ ቀረብ ብሏል። ጣቱን አነሳ። «ቅድም ያየነው አይደለም?» አለች ሴትዮዋ። «ላንቺ ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ አንድ ነው» አላት ሰውዬው። እሱም ጣቱን አነሳ።

ሌላ ሃምሳ ኪሎሜትር ሄዱ። የት ቆመ በሉኝ! አስፋልቱ ጠርዝ ላይ። አሁን ሴትዮዋ እግሩን አየች። አንድ እግሩ ባዶ ነው። በዚያ አስፋልት ላይ እንቁላል ይጠበሳል፣ እሱ በባዶ እግሩ ቆሟል። «ንዳ» አለች። «አትቁም፣ ጣትህንም አታንሳ።» ሰውዬው ግን ጣቱን አንስቶ ነበር። ሰላም ያለውን ሰው እንዴት ዝም ይላል? ይሉኝታ ከአጥንቱ ገብቷል።

ስድስት ሰዓት ሆነ። አንድ ዛፍ ያለበት ማረፊያ አገኙ። ሴትዮዋ «እንለፈው» አለች። ሰውዬው «ራበኝ» አለ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል አልሰማችሁም? በድርቅናም ካንድ ባሕር ነው የተቀዱት። ያን ቀን ግን እሱ አሸነፈ። ታጣፊ ጠረጴዛቸውን ዘረጉ። ድፎ ዳቦ አለ፣ ቋንጣ አለ፣ በሶ ተጨብጧል። ዝንቡን አትጠይቁኝ። የዚያ አገር ዝንብ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ቁርስ ምሳው ሰው ነው። ሴትዮዋ በአንድ እጇ እየተከላከለች በአንድ እጇ ዳቦ ትቆርሳለች።

ይሄን ጊዜ ሰውዬው ቀና አለና «እንብላ!» አለ።

«ለማን ነው?» አለች።

«ለዚያ ሰውዬ» አለ።

አሁን ልጠይቃችሁ። እንብላ የተባለ መንገደኛ ምን ይላል? አዎ! «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ያልፋል። አንዱ ይጋብዛል፣ ሌላው አመስግኖ ያልፋል፣ ሁሉም ጨዋ ሆኖ ይውላል፣ ዳቦውም ይተርፋል። ይሄኛው ግን መጣ። ወንበር ሳበ። ተቀመጠ።

ሴትዮዋ ዓይኗን አልነቀለችበትም። ምን አየች? ዝንብ አያርፍበትም። እሷን ሸፍኗታል፣ ባሏን ሸፍኖታል፣ በእንግዳው ላይ አንድም የለም። ሲናገር ደግሞ ከንፈሩ ሌላ ቃል ያወጣል፣ ጆሮዋ የሚሰማው ግን አማርኛ ነው። ሰውዬው ይሄን ሁሉ አላየም። ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ናፍቆት የከረመ ሰው ነው፣ ከሰማይ ወረደለት። ዳቦ ቆርሶ አስቀመጠለት፣ አልበላም። ቋንጣ ሰጠው፣ አልበላም። የበሶውን ጭብጦ ይዞ ወደ አፉ አስጠጋለት።

«ጉረስ፣ በሞቴ!» አለው።

እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «በማን ሞት?» አለ።

«በሞቴ! በእኔ በደባልቄ ሞት!»

ይኸው ስሙንም ተናገርኩት። ይሁን፣ ምን መደባበቅ ያስፈልጋል? ሰውዬው ደባልቄ ነው፣ ሴትዮዋም እኔ ነኝ። አትሳቁ። የዚያን ለት የሚሳቅ ነገር አልነበረም።

«በሞትህ ካልክማ እሺ» አለ እንግዳው። ጎረሰ።

ከጠረጴዛው ሥር የደባልቄን እግር ረገጥኩት። እሱ ምን አለ መሰላችሁ? «ምን ሆነሽ ነው እግሬን የምትረግጪኝ?» አለ፣ ጮክ ብሎ! እንግዳ ፊት!

ከዚያ ውሃ ቀዳለት። ጠጣ። ደገመው። ጠጣ። የአምስት ሊትር ጀሪካን ነበረን፣ ኩባያው ሲወርድ ይሞላል፣ ሲሞላ ይወርዳል። ጉሮሮውን አየሁት። አይንቀሳቀስም። ጀሪካኑ አለቀ። እሱ ግን ከንፈሩ እንደተሰነጣጠቀ ነው፣ ምላሱም ነጭ ነው። ከዚያ ተነሳ። «መንገድ ልጀምር» አለ። ደባልቄም ተነሳ። «ልሸኝህ» አለ።

«ደባልቄ፣ ይቅር» አልኩት።

«ነውር ነው፣ ታንጉት። እንግዳ ብቻውን ይሂድ?»

«አሮጊቷ ምን አለችን?»

«ትንሽ ነው፣ እዚህ ድረስ ነው» አለኝ። የራሱን ባርኔጣ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ነው የተወው።

ሽኝት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሸኚ ዝም ብሎ አይመለስም። «በቃ ተመለስ፣ በሞቴ» ሲባል ነው የሚመለሰው። አንዴ ሲባል እንቢ ይላል፣ ሁለቴ ሲባል ትንሽ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ላይ ይሳሳሙና ይመለሳል። እኔም ጠበቅሁ። ወደ አስፋልቱ አልሄዱም፣ ወደ ቁጥቋጦው ነው የሄዱት። አሁን ይለዋል፣ አሁን «ተመለስ» ይለዋል እያልኩ ጠበቅሁ። አላለውም። እንዴት ይበለው? የሞተ ሰው «በሞቴ» ብሎ በምን ሞቱ ይምላል?

ሃያ ስድስት ዓመት መዞሪያው ላይ የዞረ ሰው ያን ቀን አልዞረም። እያየሁት አነሰ። ትከሻው ብቻ ቀረ። ከዚያ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ከጎኑ ሌላ ነጥብ።

ምን ላድርግ? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መኪናውን እንዳላስነሳ ቁልፉ ደባልቄ ኪስ ውስጥ ነው። በእግሬ እንዳልከተል፣ እኔም ከሄድኩ ምሳቸው ጠረጴዛ ላይ ከተገኘው ከነዚያ ከጠፉት አንዷ ነኝ። ስልኩ አይሠራም። የመኪናውን ጥሩንባ ነፋሁ። አልዞሩም። በሙሉ ኃይሌ «ደባልቄ!» ብዬ ጠራሁ።

አንዱ ነጥብ ዞረ። በእጁ ሰላም አለኝ። አካሄዱን አውቀዋለሁ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። የዞረው ደባልቄ አይደለም። በደባልቄ ስም የዞረው እንግዳው ነው።

ያኔ ተቀመጥኩ። መሬት ላይ፣ ከነዝንቡ። አልቅሼም ነበር፣ በነጠላዬ አፍኜ። በረሃ ላይ! የሚሰማ ጎረቤት በሌለበት! አስቡት፣ ማንም ሳይኖር ቀስ ብዬ አለቅሳለሁ። ከዚያ ራሴን ታዘብኩና ተናደድኩ። በእንግዳው አይደለም የተናደድኩት። በነጠላዬ ነው። «ቀስ በይ» ባለኝ ሁሉ፣ «እሺ» ባልኩት በራሴ ተናደድኩ።

ሲያናድደኝ ደግሞ ይገባኛል። ጨዋ ሰው እንግዳውን መንገድ ላይ ጥሎ የሚሮጠው ምን ሲሰማ ነው? ንገሩኝ! ጥሩንባ አይደለም። ስሙም ሲጠራ አይደለም። በአገራችን የሚያርስ በሬውን ጥሎ፣ የሚበላ ጉርሻውን ጥሎ፣ የሚሸኝ እንግዳውን ጥሎ የሚሮጥለት አንድ ነገር ነው። እሱን ሰምቶ ያልመጣ ሰው ከሰው አይቆጠርም።

ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። በዚህ ጉልበቴ! ዳቦውን ረገጥኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነጠላዬን ወረወርኩት። አፌን ከፈትኩ። የእናቴን ኡኡታ ጮህኩ። የወንድሜን ጮህኩ፣ የእህቴን ጮህኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀበረ ድምፅ ነው፣ ሲወጣ ጉሮሮዬን ላጠው። ኡኡ! የሰው ያለህ! ንስሩ ከካንጋሩው ላይ ተነሳና አልተመለሰም።

አንዱ ነጥብ ቆመ።

ኡኡ! የአገር ያለህ!

አንዱ ነጥብ መሮጥ ጀመረ። ወደኔ።

ይሄን ጊዜ ሦስት ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና መጣና ፍሬን ያዘ። ነጂው ዘሎ ወረደ። ጠረጴዛ ላይ ቆማ የምትጮህ ጥቁር አሮጊት አይቶ ምን ይበል? «ሰው ሞቷል ወይ?» አለኝ። «አልሞተም! ለዚህ ነው የምጮኸው!» አልኩት። ጩኸቴን አላቋረጥኩም።

ደባልቄ ደረሰና ከእግሬ ሥር ወደቀ። ፊቱ ተቃጥሏል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ለኔ ግማሽ ሰዓት የመሰለኝ ለእሱ ቀኑን ሙሉ ነበር። ነጂው ከበረዶ ሳጥኑ ውሃ አውጥቶ አፈሰሰበት። ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር? «ምን ሆናችሁ? የማን ቤት ተቃጠለ?» አለ። እኔን አላወቀኝም፣ ልጅ ሆኖ ሰፈሩ ውስጥ ያለ መስሎታል። ግን መጣ። ኡኡታ ሰምቶ መጣ።

ቀና ብዬ አየሁ። እንግዳው እዚያው ቆሟል። አልተከተለውም። ኡኡታው ወደሚመጣበት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ሲሄድ ማንም አልጮኸለትም። ማንም «ተመለስ» አላለውም። አዘንኩለት ወይ? አዘንኩለት እንጂ፣ የሰው ልጅ ነው። ለነፍሱም ጧፍ አብርቻለሁ፣ ስሙን ባላውቅም። ባሌን ግን አልሰጠውም። ሐዘኔታ ሌላ፣ ባል ሌላ።

የደባልቄን እግር ሳጥብ ነው ያየሁት። አንድ ጫማው የለም። ቡናማው፣ ልጃችን ለስልሳ ዓመቱ የገዛችለት።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ ሽኝት የለም። እንግዳ ሲነሳ በሩን እከፍታለሁ፣ «ደህና ግቡ» እላለሁ፣ እዘጋለሁ። ባለጌ ናት አሉኝ። ባለጌ ልሁን፣ ባሌ ቤቱ ይደር። ልጆቼ «ካራቫኑን ሽጡት» አሉ። አልሸጥኩም! ያንን መንገድ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ሄጄበታለሁ። መንገዱ የሱ ብቻ ነው እንዴ? ከስንቄ ጋር ድምፄን ይዤ እሄዳለሁ። ነጠላዬንም ለሌላ ነገር ነው የምለብሰው።

ለእናንተ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ከእሳቱ ብቻችሁን አትሂዱ። አብሮህ የተነሳ ሁሉ ደግሞ አብሮህ ያለ አይምሰልህ።

አሁን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እናንተም ፊታችሁን ሳታዞሩ ስሙኝ። ጌጡ፣ ቅድም የጋበዝከው ሰው አላለፈም። እኔ ወሬዬን ስጀምር መጥቶ ተቀምጧል። ማንም እንዳይነሳ ያልኩት ለምን መሰላችሁ? ናርዶስ፣ ጀሪካኑን በእግርሽ ገፋ አድርጊው። ቀለለ? አዎ፣ ቀለለ። ቅድም ሙሉ ነበር። እኛን ትንኝ ጨረሰን፣ ሁላችሁም ስታጨበጭቡ ነው ያመሻችሁት። በዚያ ወንበር በኩል አንድም ትንኝ አለ? እሳቱ ሲነሳ ከወንበሩ ሥር እዩ። እግሩን። አንዱ ጫማ ጥቁር ነው። ሌላው ቡናማ ነው።

አትጩሁ። ገና ነው። እኔ ላናግረው።

አንተ! ታንጉት ነኝ፣ ድምፄን ታውቀዋለህ። ውሃችንን ጠጥተሃል፣ ይሁንልህ። እሳታችንን ሞቀሃል፣ ይሁንልህ። ጫማውንም ይዘህ ቅር። ዛሬ ግን ማንም «በሞቴ» አላለህም። እዚህ ለአንተ የሚሆን የማንም ሞት የለም። አሥራ አንድ ነን፣ አንዳችንም አንሸኝህም። መንገዱን ታውቀዋለህ። ብቻህን ሂድ።

ተነሳ። አያችሁ? ተነሳ። ይኸው ሊሄድ ነው፣ ዝም በሉ፣ ይሂድ...

ደባልቄ? ደባልቄ፣ አንተ ደግሞ ምን ያስነሳሃል? ቁጭ በል! አጥንቱን አስቀምጥና ቁጭ በል አልኩህ! ጌጡ፣ እጁን ያዘው! በሁለት እጅህ ያዘው! አይሰማኝም፣ ተነስቷል፣ «ልሸኘው» ሊል ነው! ሁላችሁም ተነሱ፣ አፋችሁን ክፈቱ፣ የካምፑ ሰው ይንቃ፣ ፖሊስ ይምጣ፣ አገር ይስማ፣ ማንም ቀስ በሉ ቢል እንዳትሰሙት፣ አብራችሁኝ፣ አሁን፦

ኡኡኡኡኡኡ!